ከውኃ ወደ የብስ፤ ስለ ምድር ዕፅዋት አመጣጥና ጠባይ

(በደብረ ወርቅ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



መሐንዲስ ስለ ዕፅዋት ልናገር ብሎ ሲነሣ ሰሚው “ይህ ሰው መንገድ ሳተ” ቢል አይፈረድበትም። ርእሱን የመረጥሁት ግን አስቤበት ነው። በዚህ በምሥራቅ ጎጃም ደጋ ላይ መንገድ ስንቆርጥ፣ የውኃ ጉድጓድ ስናስቆፍር፣ አነስተኛ ግድብ ስንሠራ ዘወትር የምንታገለው ከአፈርና ከውኃ ጋር ነው። አፈሩን በየቦታው የሚይዘው፣ የክረምቱንም ዝናም አዘግይቶ ወደ ምድር የሚያሰርገው የዕፅዋት ሽፋን እኛ ሳንነድፈው የተነደፈ፣ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሲፈተን የኖረ ሥራ ነው። በሥራ ዝርዝራችንና በዋጋ ሰነዳችን ላይ ግን ይህ ሁሉ “ምንጣሮና ሥር ነቀላ” በምትባል አንዲት መስመር ተጠቃሎ ይከፈልበታል። ስለዚህ የምናስነቅለው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ከየትስ እንደ መጣ፣ በመሐንዲስ ዐይን እየተመለከትሁ ላቀርብላችሁ እሞክራለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላንሣ። የመጻሕፍትና የቅኔ ሊቃውንት በበዙበት፣ ዲማ ጊዮርጊስም በቅርብ ባለበት አገር “አዝጋሚ ለውጥ” የሚለው ቃል አንዳንዱን ሰው ቅር ሊያሰኝ ይችላል። እኔ የምናገረው ድንጋይና ቅጠል ስለሚመሰክሩት የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ነገር ለባለቤቶቹ ለመምህራኑ እተወዋለሁ።

በበጋ ወራት በምንጭ ዳርና በቆመ ውኃ ላይ እንደ ጠጉር ተጎንጉኖ የሚንሳፈፍ፣ ሲዳስሱት የሚያሟልጭ አረንጓዴ ነገር ሁላችሁም አይታችኋል። ውኃ ቀጂዎች በእጃቸው ገለል አድርገው እንስራቸውን ይሞላሉ። የሥነ ሕይወት ሰዎች እንዲህ ያለውን ዋቅላሚ ይሉታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዘረ መል ላይ የተደረገው ምርምር እንደሚያሳየው፣ ዛሬ በሕይወት ካሉት ዋቅላሚዎች ሁሉ ለምድር ዕፅዋት የቅርብ ዘመድ የሆነው ይህ ጠጉር መሰሉ የሚመደብበት ወገን ነው። መልኩ ተራ ስለሆነ ለብዙ ጊዜ ማንም አልጠረጠረውም ነበር። የዚህም ፍሬ ነገር ተክል ወደ የብስ የወጣው ከጨው ባሕር ሳይሆን ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከኩሬ መሆኑ ነው። ውኃው በየጊዜው እየደረቀ እንደ ገና የሚሞላበት ቦታ፣ ድርቅን ለመልመድ ትምህርት ቤት ሆኖታል ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ የምድር ተክሎች አካላቸው ስስ ስለ ነበር በድንጋይ ውስጥ አሻራቸውን አልተዉም። የተረፈው ስፖር የተባለው ዱቄት መሰል መራቢያቸው ነው፤ ቆዳው እጅግ ጠንካራ ስለሆነ 470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባለው የአርጀንቲና ድንጋይ ውስጥ ተገኝቷል። በዐይን የሚታይ ግንድ ያለው ኩክሶኒያ የተባለው ተክል የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከዛሬ 430 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቁመቱ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ቅጠልም አበባም አልነበረውም። ራይኒ በምትባል የስኮትላንድ መንደር ደግሞ በፍል ውኃ ማዕድን ተውጠው ሕዋሳቸው ሳይቀር እንዳለ የተጠበቁ የ407 ሚሊዮን ዓመት ዕፅዋት አሉ። በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ፈንገስ ከተክሉ ጋር ተባብሮ ሲኖር ይታያል። ሥር በሚገባ ሳይፈጠር በፊት ማዕድን ከድንጋይ እየፈለቀቀ ተክሉን ይመግብ የነበረው ፈንገሱ ነው። ዛሬም ከአብዛኞቹ ዕፅዋት ሥር ጋር እንደ ተቆራኘ ነው። አፈር ገፈን በአንድ በኩል ክረምት ከበጋ ክበን ስናስቀምጥ የምንገድለው አንዱ ነገር ይህ ነው።

ከውኃ የወጣ ተክል መጀመሪያ የሚገጥመው አደጋ መድረቅ ነው። ለዚህ መላው ሰም መሰል ሽፋን መልበስ ነበር። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የታሸገ ተክል ምግቡን የሚሠራበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ሊወስድ አይችልም። ስለሆነም ሽፋኑ ስቶማታ የተባሉ ደቃቃ ቀዳዳዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ግራና ቀኝ ሁለት ከንፈር መሰል ሕዋሳት ሆነው ውኃ ሲሞሉ ይከፍቱታል፣ ሲጎድሉ ይዘጉታል። ከእኛ ሥራ ጋር ሳመሳስለው ሞተርም ኤሌክትሪክም የማይፈልግ ቫልቭ ነው። ቀዳዳው በተከፈተ ቁጥር ግን ውኃ ይተናል። አንድ ግራም የደረቀ አካል ለመገንባት አንድ ተክል ብዙ መቶ ግራም ውኃ ለአየር ይከፍላል። የምድር ዕፅዋት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ክፍያ ድርድር ታሪክ ነው።

ሳረንስት ድርድሩን በትሕትና ፈጽሞታል። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ድንጋይ ላይ በሰኔ የሚለመልመው፣ በጥር ደርቆ የሞተ የሚመስለው፣ የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ደግሞ የሚነሣው እርሱ ነው። የውኃ ቱቦ የለውም፤ ስለዚህም ከጣት አይበልጥም። ረጅም መሆን የፈለጉት ግን ሌላ ችግር ገጠማቸው፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ጉዳዩ የእኛው ነውና።

በባሕር ጠለል ላይ የተተከለ ሳቢ ፓምፕ ውኃን ከ10 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ ሊያወጣ እንደማይችል እናውቃለን። ይህም ፓምፑ ደካማ ሆኖ ሳይሆን ውኃውን ከታች የሚገፋው የአየር ክብደት እዚያ ላይ ስለሚያልቅ ነው። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ወሰኑ ወደ 7 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ በተግባር ሲታይም ከዚያ ያንሳል። እንግዲያውስ 40 ሜትር የሚደርስ ዝግባ ውኃውን እስከ ጫፉ የሚያደርሰው በምንድን ነው? ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ የተባሉ ሁለት የአየርላንድ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1894 መልሱን ሰጡ። ዛፉ ውኃውን አየር እንዲገፋለት አይጠብቅም፤ እንደ ገመድ ይጎትተዋል። ከቅጠሉ ውኃ በተነነ ቁጥር የውኃ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ስለሚያያዙ፣ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ያለው ዓምድ በሙሉ ከሥር እስከ ቅጠል ይሳባል። ውጥረቱም የከባቢ አየርን ግፊት ከ10 እስከ 20 ጊዜ የሚያህል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ጉልበት የፀሐይ ነው።

የተወጠረ ገመድ የመበጠስ አደጋ አለበት። ወደ ቱቦው አንዲት የአየር አረፋ ከገባች ዓምዱ ይበጠሳል፤ በእኛም ፓምፖች ዘንድ የዚህ ዐይነት ጣጣ አይጠፋም። ጽድና ዝግባ ይህን የሚከላከሉት ግንዳቸውን በሚሊዮን በሚቆጠሩ አጫጭር ቱቦዎች በመከፋፈል ነው፤ በቱቦዎቹ መካከል ያሉት ማለፊያዎች መካከላቸው ወፈር ያለ ስስ መጋረጃ አላቸው። አንዱ ቱቦ አየር ሲይዝ መጋረጃው ተስቦ ማለፊያውን ይደፍናል፤ ብልሽቱም ወደ ጎረቤት አይሻገርም። አንዲት የውኃ መሥመር ስትሰበር ከተማው ሁሉ ውኃ በሚያጣበት ዘመን ይህን ማየት ያስቀናል።

ቱቦው በውስጡ ያለው ግፊት ሲቀንስ እንዳይጨፈለቅ ግድግዳው መጠንከር ነበረበት። ሴሉሎስ የተባለው ጭረት ልክ እንደ ብረት መወጠርን ይችላል፤ ሊግኒን የተባለው ደግሞ እንደ ሲሚንቶ በመካከሉ ገብቶ ያያይዘዋል። እንጨት ማለት ይህ ነው። ከቅሪቶቹ እንደሚታየው የመጀመሪያው እንጨት የተገኘው ገና ቁመታቸው አጭር በሆነ ተክሎች ውስጥ ስለሆነ፣ ዛሬ ምሰሶና ማገር የምናደርገው ነገር መነሻው ሸክም መሸከም ሳይሆን ቱቦን ማጠንከር እንደ ነበረ ይገመታል። ከዛሬ 385 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጥልቅ ሥር ያላቸው እውነተኛ ዛፎች ቆሙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስሁ። ዕፅዋት ከመምጣታቸው በፊት የተከማቹ የወንዝ ደለሎች ሲመረመሩ አብዛኞቹ አሸዋና ጠጠር ናቸው። ወንዞቹ ጥልቅ መስመር አልነበራቸውም፤ በሰፊ ወለል ላይ እየተበታተኑ ይፈስሱ ነበር። ጭቃው፣ ሸክላው አፈር የሚይዘው ስላልነበረ ታጥቦ ወደ ባሕር ይወርድ ነበር። ከዕፅዋት መስፋፋት ጋር ግን በየብስ ላይ የቀረው የጭቃ ድንጋይ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ዳርና ዳሩ የጸና፣ የሚጠማዘዝ ወንዝም ይበዛል። ይህም ማለት ዛሬ “ወንዝ” ስንል በአሳባችን የሚመጣው ቅርጽ በከፊል የዕፅዋት ሥራ ነው። ከቱቦ አፍ በታች በዋልካ ላይ ተከፍቶ በየክረምቱ ወደ ላይ የሚሄደውን ቦረቦር ሳይ፣ የማየው ምድሪቱ ዕፅዋት ወዳልነበሩባት ዘመን በአንድ መስመር ላይ መመለሷን ነው። የቱቦው ስፋት በትክክል ተሰልቶ ሊሆን ይችላል፤ ከአፉ በታች ያለው ሣር ግን በስሌቱ ውስጥ አልነበረም።

የጊዜውን ርዝመት ለመገመት ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያልፈውን የዓባይ በረሃ መንገድ አስቡ። ከታች የምናየው አሸዋማ ድንጋይ፣ በላዩም ጂፕሰሙ፣ ከዚያም ባሕር አገራችንን በሸፈነበት በጁራሲክ ዘመን የተከማቸው የኖራ ድንጋይ ነው። ያ ኖራ ሲረጋጋ የዓለም ደኖች ፈርንና የጽድ ወገኖች ነበሩ፤ የአበባ ዕፅዋት ጽጌ ብናኝ በድንጋይ ውስጥ በግልጽ መታየት የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ ከ135 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጮቄ በዚያ ላይ የተነሣው ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በጎንደር ጭልጋ የተገኙት የ27 እና የ28 ሚሊዮን ዓመት ቅጠሎችና ግንዶች፣ በሰሜን ሸዋ ሙሽ ሸለቆ የተገኙትም የ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቅጠሎች ዛሬ በዚያ ከሚታየው ሣርና ማሳ ጋር የማይመሳሰል ደን እንደ ነበረ ይመሰክራሉ። ጭልጋ ላይ ዘንባባ ጭምር ነበረ።

ሳረንስትና ፈርን ለመራባት ዛሬም የውኃ ጠብታ ያስፈልጋቸዋል፤ ተባዕቱ ሕዋስ ዋኝቶ ነው ወደ እንስቲቱ የሚደርሰው። በዘር የሚራቡት ከዚህ ነፃ ወጡ። ጽጌ ብናኝ በነፋስ ወይም በንብ ይጓዛል፤ ዘሩም ጽንሱን ከነስንቁ ሸፍኖ ይሰደዳል። ጽድና ዝግባ ከእነዚህ መካከል የጥንቶቹ ናቸው፤ አበባ የላቸውም። የጽድ ወገን በብዛት የሚገኘው በሰሜኑ የዓለም ክፍል ሲሆን የእኛው ጽድ ብቻ ከምድር ወገብ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ይዘልቃል። የዝግባ ቤተ ሰብ ደግሞ በአመዛኙ የደቡቡ ዓለም ነው። ሁለቱ በእኛ ደጋ ላይ ጎን ለጎን መቆማቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ስለ አበባ ዕፅዋት ብዙ አልናገርም፤ የማታውቁት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ። ተክል መሸሽ ስለማይችል የሚከላከለው በመድኃኒትና በመርዝ ነው። ኮሶው የትሉን መድኃኒት፣ ጌሾው ምሬቱን፣ እንዶዱ አረፋውን ያዘጋጁት ለእኛ ብለው አልነበረም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው እንዶድ የብልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል ያስተዋሉት ከዚህ የተነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተፈጸመው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መዝገብ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን ይዟል፤ ከዐሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር የማይገኝ ነው። ከነዚያ ስንቱ ምን እንደሚያዘጋጅ የተመረመረው ጥቂት ነው።

ሣር ግን ይለያል። የሌሎች ተክሎች የእድገት ጫፍ ከላይ ሲሆን የሣር ከታች፣ ከአፈሩ አጠገብ ነው፤ ከብት ቢግጠው፣ እሳት ቢልሰው ከታች ይነሣል። ጤፍም ሣር ነው። ከስንዴና ከገብስ የሚለየው ካርቦን ዳይኦክሳይድን በቅጠሉ ውስጥ እንደ መጭመቂያ አምቆ የሚሠራ ተጨማሪ ሥርዓት ስላለው ነው። በዚህም ምክንያት ቀዳዳዎቹን አጥብቦ፣ በትንሽ ውኃ ብዙ መሥራት ይችላል። በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳም እንዲሁ ናቸው። ሰርዶና አክርማም ከዚህ ወገን ናቸው። መጭመቂያው ጉልበት ስለሚበላና ጥቅሙ በሙቀት ስለሚበልጥ፣ ወደ ጮቄ ከፍ ባልን ቁጥር ተራው ሥርዓት ያሸንፋል፤ እዚያ ያለው ጓሳና ገብስ ነው።

ለጤፍ ያለኝ አክብሮት ከማንም ጎጃሜ አያንስም፤ ነገር ግን እውነቱ መነገር አለበት። ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ፣ ሺሁ ቢመዘን አንድ ግራም ስለማይሞላ፣ ማሳው ደጋግሞ ታርሶ እንደ ዱቄት መልሞ ይጠብቀዋል። በሐምሌ፣ ዝናሙ በሚበረታበት ወር መሬቱ ራቁቱን ነው። ከጤፍ ማሳ በታች የሚያልፍ መንገድ ነዳፊ ይህንን የደለል መጠን በቦይ ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ይገባዋል።

ደን ቢጠፋ ተመልሶ ይበቅላል የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። የኢትዮጵያ ደጋ ዛፎች ጠባይ ግን ይህን አይደግፍም። በ“እመጓ” ድርሰቱ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው። ከባልደረባው ጋር በሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር ውስጥ ያለውን ዘር መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ አብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች በአፈር ውስጥ ተቀብሮ የሚቆይ ዘር እንደሌላቸው አሳይቷል። ያረፈው ዘር በብዛት የአረምና የቅጠላ ቅጠል ነው። እነዚህ ዛፎች ትውልዳቸውን የሚያቆዩት በዘር ሳይሆን በእናት ዛፍ ጥላ ሥር ለዓመታት አጥሮ በሚጠብቅ ችግኝ ነው። እናቱ ከተቆረጠች ችግኙ ይደርቃል፤ ከብት ከገባ ይበላል። ስለዚህ በየደብሩ ዐጸድ የቀረው ዛፍ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ብቸኛ የዘር ምንጭ ነው። ማስፋፊያ፣ አዳራሽ ወይም መግቢያ መንገድ እንድንነድፍ ስንጠየቅ፣ ዛፉን በካርታው ላይ እንደ ሕንጻ አድርጎ መሣል የእኛ ፋንታ ነው።

ባሕር ዛፍን እንደ ባለጋራ ከሚያዩት ወገን አይደለሁም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ የብዙ ገበሬ የባንክ ደብተር ሆኗል፤ የእኛም መወጣጫ እንጨት እርሱ ነው። ተቆርጦ ከጉቶው የሚነሣ ዛፍ በምንጭ ራስና በግድብ ዳር ሲተከል ግን ውኃውን ከእኛ ጋር ይሻማል። በተረተር ላይም ከሥሩ ያለውን ሣር ስለሚያሳሳ፣ ዛፍ ያለበት ነገር ግን አፈሩ የሚታጠብ ቁልቁለት እናገኛለን። ተረተር የሚይዘው በመጀመሪያ ሰርዶ ነው፤ ቀጥሎ አክርማ፤ ቁጥቋጦውና ዛፉ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ዕፅዋት ራሳቸው የብስን ከያዙበት ብዙ አይርቅም።

ከዚህ ተነሥቼ ለጠቅላላ ጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። በማኅበራችን አባላት በሚዘጋጁ የሥራ ዝርዝሮች ላይ “ምንጣሮ” ከሚለው መስመር ቀጥሎ፣ የላይኛውን አፈር ለይቶ በስስ ክምር ማቆየትና ከአንድ ክረምት በፊት መመለስ፣ እንዲሁም ከቱቦ አፍ በታችና በተቆረጠ ተረተር ላይ ሣር መትከል የሚሉ ሁለት መስመሮች በሜትር ካሬ እየተለኩ ዋጋ ይውጣላቸው። ዋጋ ያልወጣለትን ሥራ ተቋራጭ አይሠራውም፤ አይፈረድበትምም። የሁለቱን መስመሮች ረቂቅ ለማኅበሩ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ፤ ከተከላው ወር ጀምሮ እስከ መለኪያው ዘዴ ድረስ ልታርሙት ትችላላችሁ።

ነገ ጠዋት ወደ ጮቄ የምትወጡ ወፍራም ልብስ ያዙ። ከአስታው በላይ ጅብራውን ታገኛላችሁ፤ ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና ከሰው ቁመት በላይ አንድ ጊዜ አብቦ፣ ዘሩን በትኖ ይሞታል። አገሩ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ያበበ ካጋጠማችሁ አትቁረጡት።